«ገለልተኛ ዓይን» ለኮሌጅ የአይሲቲ ዕቅድ?

ፓች ፓነል፦ አስተዳደሩ የአምስት ዓመቱን የአይሲቲ ዕቅድ ለውጭ አማካሪ ሊሰጥ ነው። ምክንያቱ ደግሞ «ገለልተኛ ዓይን ያስፈልገናል»። የእኛ ዓይን ምን ሆነ?

ሰብኔት፦ ለመደዋ! 300 መቀመጫ ላለው አዳራሽ ስላሽ 24 የሰጠው ማን ነው? ስላሽ 24 ማለት 254 የኔትወርክ አድራሻ ብቻ ነው። ተማሪው ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ነው የሚገባው። የዲኤችሲፒ ሊዙ (አንድ መሣሪያ የተሰጠውን አድራሻ ይዞ የሚቆይበት ጊዜ) 8 ቀን ላይ እንደተተወ ነው፤ ሰኞ የገባ ስልክ አድራሻውን ይዞ ይከርማል። ከዚያ «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ተብሎ አክሰስ ፖይንት (የዋይፋይ ማሰራጫ) ይገዛል።

ፓች ፓነል፦ ስላሽ 22 (1,022 አድራሻ) ማድረግና ሊዙን ወደ 1 ሰዓት ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለዚህ አማካሪ ይቀጠራል?

ሰብኔት፦ የግማሽ ቀን ሥራ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር?

ቆጣቢው፦ ችሎታውን ተዉት፤ ገለልተኝነቱን ንገሩኝ። አማካሪው ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት መሣሪያ) ሻጭም ከሆነ ምኑ ነው ገለልተኛ? «48 ፖርት፣ በፖርት 30 ዋት» ብሎ ይጽፍላችኋል፤ የፒኦኢ በጀቱ (ስዊቹ በኔትወርክ ገመድ ለመሣሪያዎች የሚያድለው ጠቅላላ ኃይል) 740 ዋት መሆኑ ታች በደቃቅ ፊደል ይቀራል። ለ30 አካፍሉት፦ 24 ፖርት። ሁሉም ሙሉ ኃይል ከጠየቁ 25ኛው አይነሳም።

ሰብኔት፦ ውሉ ላይ ይጻፋ፦ ያቀደ አይጫረትም።

ቆጣቢው፦ ስፔኩን (የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) በአንድ ብራንድ ሞዴል ልክ ከሰፋው መጫረት ምን ያደርግለታል?

ሬጅስትራር፦ እናንተ ስዊች ስዊች ትላላችሁ፤ የምዝገባው ዳታቤዝ ባክአፕ መቼ ነው ሪስቶር ተደርጎ የታየው? «ይወሰዳል» ሌላ፣ «ይመለሳል» ሌላ። የውጭ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ ስንት ሰዓት ብትቆሙ ትችላላችሁ? የስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ ትችላላችሁ? የውስጥ ሰው መልሱን ስለሚያውቀው አይጠይቅም።

ፓች ፓነል፦ ዲያግራሙን የምንሰጠው እኛ፣ ራኩን (የኔትወርክ ዕቃው የሚደረደርበትን መደርደሪያ) የምንቆጥረው እኛ። እሱ ሽፋን አልብሶ ለአለቆቻችን መልሶ ይሸጥላቸዋል። ገለልተኛ ዓይን በእኛ መነጽር!

ሰብኔት፦ ለአዲሱ ሕንፃ ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ያዘዘውም ያው መነጽር ነው።

ፓች ፓነል፦ ካት 6 በሰከንድ 10 ጊጋቢት ይሸከማል።

ሰብኔት፦ እስከ 55 ሜትር! ከላቡ እስከ ራኩ 80 ሜትር ነው። ካት 6ኤ ነበር የሚያስፈልገው።

ቆጣቢው፦ ለተማሪ ኮምፒውተር 10 ጊጋ ምን ሊሠራለት? 1 ጊጋ በካት 6 እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

ሰብኔት፦ ስለ ላቡ ሰርቨር ነው የማወራው።

ቆጣቢው፦ ለሰርቨርማ ፋይበር ነው እንጂ ካት 6ኤ ምን አመጣው?

ፓች ፓነል፦ ቆይ፣ 80 ሜትሩን የለካው ማን ነው? ገለልተኛው ዓይን?