ጃንጎ፦ ፎርሜ አንዱን ልጅ ሦስት ጊዜ ይመዘግባል፣ ሲሳሳቱ ደግሞ የሞሉትን ሁሉ ያጠፋል

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን የክረምት ትምህርት መመዝገቢያ በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ) እየሠራሁ ነው። የሚሞሉት ወላጆች ናቸው፣ አብዛኞቹም በስልክ። ትናንት ለሙከራ ከፈትነውና ጉድ ታየ።

ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ «መዝግብ» የሚለውን ደጋግመው ይጫኑታል። አንዳንዱ ደግሞ «ተመዝግበዋል» ካለው በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጋል። አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ገብቶ አገኘሁት። አንድ ቦታ ከተሳሳቱ ፎርሙ ባዶውን ይመለሳል፣ ስህተቱ ምን እንደሆነም አይናገርም። አንዲት እናት አራት ጊዜ ሞልተው «በወረቀት ልሙላው ልጄ» ብለው ተዉት። ስልክ ቁጥሩ ላይ የፊተኛዋ ዜሮ ተቆርጣ ነው ዳታቤዝ የምትገባው። ስም በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም።

ቪውዬ (ጥያቄ ተቀብሎ ገጽ የሚመልሰው ኮድ) እንዲህ ነው። ጥያቄው ፖስት (የተሞላ ፎርም መላኪያ) ከሆነ ፎርሙን በመጣው ዳታ እሞላለሁ። ቫሊድ ከሆነ (ስህተት ከሌለው) ሴቭ አድርጌ «ተመዝግበዋል» የሚለውን ቴምፕሌት (የገጽ ንድፍ) ሬንደር አደርጋለሁ፣ ማለትም እዚያው አሳያለሁ። ከዚያ በታች አዲስ ባዶ ፎርም ፈጥሬ ገጹን አሳያለሁ። ስሙን የምፈትሸው ከኤ እስከ ዜድ በሚል ሬጄክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈተሻ) ነው፣ ከሆነ ቦታ የገለበጥኩት።

የሌሊት_ኮደር፦
ወንድሜ፣ «ከዚያ በታች አዲስ ባዶ ፎርም» ያልከው ነው ጥፋቱ። ቫሊድ ካልሆነ ኮዱ ወደ ታች ይወርዳል። ስህተቶቹን የያዘውን ፎርም ጥለህ ባዶ ትሰጣቸዋለህ። ባዶውን ኤልስ ውስጥ አስገባው፣ ጥያቄው ፖስት ካልሆነ ብቻ ይፈጠር። የሞሉትም ይቆያል፣ ስህተቱም ይወጣል። ሳጥኖቹን ቴምፕሌቱ ላይ በእጅህ ጽፈሃቸው ከሆነ ግን የየፊልዱን እሴትና ስህተት አብረህ ማተም አለብህ።

ሪፍሬሹም ቀላል ነው። ሴቭ ካደረግህ በኋላ ሬንደር ሳይሆን ሪዳይሬክት አድርግ፣ ወደ ሌላ ገጽ ምራው። ብራውዘር ሪፍሬሽ ሲባል የመጨረሻውን ጥያቄ ነው የሚደግመው። የመጨረሻው ፖስት ከሆነ ምዝገባውን ይደግማል። ሪዳይሬክት ካደረግኸው የመጨረሻው ጌት (ገጽ ማሳያ ብቻ) ይሆናል፣ መቶ ጊዜ ቢያድሱትም ጉዳት የለውም።

ሻይ_በቁራጭ፦
ደጋግሞ መጫኑ ምን ያስጨንቃል? አንዴ ሲጫኑት በተኑን በጃቫስክሪፕት ዲሴብል ማድረግ ነው። ቫሊዴሽኑም ኤችቲኤምኤል ላይ ሪኳየርድ (የግድ ይሞላ) ካልከው ይበቃል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሳንካ_አዳኝ፦
ሻይ፣ ሪኳየርድን ማንም ሰው ብራውዘሩ ላይ ኢንስፔክት ብሎ ያነሳዋል። ያለ ብራውዘርም ፖስት መላክ ይቻላል። በተኑን መዝጋቱ ወላጁን ያረጋጋዋል፣ ጥሩ ነው። ቁልፉ ግን ሰርቨሩ ጋ ይሁን።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ኢንቲጀርፊልድ (የሙሉ ቁጥር ሳጥን) አድርገኸው መሆን አለበት። ስልክ ቁጥር ስሙ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም፣ ማን ይደምረዋል? ቻርፊልድ (የጽሑፍ ሳጥን) አድርገው። ሰው ደግሞ እንደየልማዱ ነው የሚጽፈው፦ አንዱ በ09፣ ሌላው በ07፣ ሌላው በ+251 ይጀምራል። መሀል ላይ ክፍተትና ሰረዝ የሚያስገባም አለ። አትቆጣቸው፣ አንተው አስተካክልላቸው። ስሙ «ክሊን_» ብሎ የፊልዱን ስም የሚያስከትል ሜተድ ፎርሙ ውስጥ ጻፍ። ክፍተቱንና ሰረዙን አውጣ፣ ከፊት ያለውን +251 ወይም 251 ወይም 0 ቁረጥ። የቀረው በ9 ወይም በ7 የሚጀምር 9 አሃዝ ከሆነ ከፊቱ +251 ጨምረህ አስቀምጥ። ካልሆነ «ስልክዎ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አሃዝ ይሁን» በላቸው። «የተሳሳተ ቁጥር» ብቻ ሲባሉ ምን ያድርጉ?

ሜተዱ መጨረሻ ላይ የተስተካከለውን ቁጥር ሪተርን ማድረግ (መመለስ) እንዳትረሳ። እኔ ረስቼ ስልኩ ለምን ኖን (ባዶ) እንደሚሆን ስፈልግ ግማሽ ቀን ውያለሁ።

አዲስ_ገቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እህት ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም፣ ችግር የለም። ፎርሙም ሪፍሬሹም ተስተካከለ። በተኑን ሳልዘጋ ቶሎ ቶሎ ስጫነው ግን አሁንም ሁለት ይገባል። ስልኩን ዩኒክ (የማይደገም) ላድርገው?

ቡና_ቁርስ፦
እንዳታደርጊው እህቴ! አንዲት እናት ሦስት ልጅ በአንድ ስልክ ነው የምታስመዘግበው። ሁለተኛው ልጅ ላይ «ይህ ስልክ ተመዝግቧል» ልትያት ነው? ስምም አያዋጣም። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለዳታቤዙ ሦስት ሰው።

ፎርሙ ሲከፈት አንድ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ ኮድ) በተደበቀ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሞዴሉ (የዳታቤዙ ሠንጠረዥ) ላይ ዓምድ ፍጠሪለትና ዩኒክ እሱ ይሁን። ስትመዘግቢ በጌት ኦር ክሪኤት በዚያ መለያ ፈልጊ። ከሌለ ይፈጠራል፣ ካለ ያው የነበረው ይመጣል። በሁለቱም ወደ «ተመዝግበዋል» ሪዳይሬክት አድርጊ። አምስት ጊዜ ቢጫኑት አምስቱም አንድ መለያ ይዘው ነው የሚመጡት።

ሬጄክሱን ደግሞ ጣይው። በአማርኛ ፊደል ልተካው ብትይም ወ/ማርያምና ገ/እግዚአብሔር ላይ ያለችው ጭረት ታስቀርሻለች። ስም ባዶ እንዳይሆን፣ ከልክ በላይም እንዳይረዝም ብቻ ፈትሺ። ሳጥኖቹንም «የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» በያቸው። ላስት ኔም ሲባል አንዱ አባቱን፣ ሌላው አያቱን ይጽፋል።

የሌሊት_ኮደር፦
ይቅርታ እህቴ። የቡና መላ ጥሩ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ወላጁ ከ«ተመዝግበዋል» በተመለስ ቁልፍ ወደ ፎርሙ ሄዶ የሁለተኛውን ልጅ ስም ቢጽፍ፣ አሮጌው መለያ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ልጁ ሳይገባ «ተመዝግበዋል» ይባላል። ስለዚህ መለያው ተገኝቶ ስሙ የተለየ ከሆነ አዲስ መለያ ሰጥተሽ እንደ አዲስ ልጅ መዝግቢ። መጨረሻው ገጽ ላይም የተመዘገበው ልጅ ስም ይታይ፣ ከሥሩ «ሌላ ልጅ መዝግብ» የሚል ሊንክ ይኑር።

የልደት ቀን ካለሽ የብራውዘሩን ቀን መምረጫ አትጠቀሚ። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ ጳጉሜን የለችበትም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለየብቻ አስመርጪ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ እንደ 2015። አለዚያ 5።

አዲስ_ገቢ፦
የተመለስ ቁልፉን ሞከርኩት፣ እውነትህን ነው። አሁን ሁለቱም ልጆች ገቡ። አሮጌዎቹን ድርብ ምዝገባዎች በስልክ ቁጥር ለይቼ ልሰርዝ ስል አንድ ስልክ ላይ ሁለት ምዝገባ አገኘሁ፣ የአባት ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ። ደውዬ ጠየቅኋቸው። መንትዮች ናቸው።