ሮም ለሁለት ቀን፣ ከ74 ዓመት እናቴ ጋር፦ የቱን ልተው?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ እናቴን ይዤ ቶሮንቶ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። የምናልፈው በሮም በኩል ነው። ቅዳሜ ነሐሴ 2 በጠዋት እንገባለን፣ ሰኞ ነሐሴ 4 በጠዋት እንወጣለን። ቪዛው ወጥቷል። ማደሪያም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይዣለሁ።

የጨነቀኝ ዝርዝሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሮም ስትሄድ እንዳያመልጥህ» የተባለውን ሁሉ ስለቅም 14 ቦታ ሆነ። ኮሎሲየም፣ ፎረም፣ ቫቲካን ሙዚየም፣ ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ፓንተዮን፣ ትሬቪ ፏፏቴ... ይቀጥላል። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ፍልሰታንም ትጾማለች። በጾም አንጀቷ በዚያ ሙቀት ከቦታ ቦታ ላሯሩጣት አልፈልግም። «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብላት ደግሞ «አንተ ያልከውን» ነው መልሷ።

ሮምን የምታውቁ፣ ከ14ቱ የቱን ልተው? ለእሷ ከልብ ደስ የሚላት የትኛው ይመስላችኋል?

---

ቦርሳው ዝግጁ

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በአጭሩ ልንገርህ።

እሁድ የቫቲካን ሙዚየም ዝግ ነው። የሚከፈተው በወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ነው፣ አንተ የምትደርሰው ደግሞ በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሙዚየሙን ካልክ ቅዳሜ ነው። የኮሎሲየም ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ ፎረሙንና የፓላቲን ኮረብታንም ያካትታል። ቀድመህ በኢንተርኔት ግዛ። ትኬቱ ላይ ስም ስለሚጻፍ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ቴርሚኒ ድረስ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፣ 14 ዩሮ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በእኔ አስተያየት ኮሎሲየም ሳይገቡ ሮምን አየሁ ማለት አይቻልም። ሌላውን እንደ ጉልበታችሁ።

---

የቴርሚኒ ጎረቤት

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ ልበልህ ከአሁኑ። ሮም መኖር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ የሚያም ጉልበት ይዞ እዚህ ከተማ መሄድ ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። የመሀል ከተማው መንገድ በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ስለሚል ቁርጭምጭሚት ያደክማል። በነሐሴ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ከተማው ምድጃ ነው። የከተማው ሰው ራሱ በዚያ ሰዓት መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል።

ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ አስዞርኳት። ሁሉንም እንድታይልኝ ብዬ ነው። ፎቶዎቹን ዛሬ ሳያቸው በአንዱም ላይ ፊቷ አልፈታም። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ስዘፈዝፍላት «የቱ ነበር ቅድም ያየነው?» አለችኝ። ያን ቀን አልረሳውም። ስለዚህ ከ14ቱ አሥሩን ተው። አራት ይበቃችኋል።

ቅዳሜ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ አርፉ። ማደሪያችሁ ቴርሚኒ ስለሆነ ግን ለእናትህ አንድ ነገር ንገራቸው። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ ማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። የአዲስ አበባው ለገሃር ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ መጥቶ የተቀመጠው እዚያ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ድረስ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። ስንቱ የእኛ ሰው በዚያ አደባባይ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል፣ ስሙን ሳያውቅ።

ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ፓንተዮን ውሰዳቸው። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ውስጡ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለም፣ መቀመጫ አለ። ይቀመጡና ቀና ብለው ይዩ። ጣሪያው እንደተደፋ ትልቅ ዋንጫ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር። መሀሉ ላይ 9 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ክፍት ነው፣ መስታወት የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውስጥ ይዘንባል፤ ወለሉ ላይ ውሃው የሚሰርግባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ብረት የሌለበት ኮንክሪት ነው፣ ወደ 1900 ዓመት ሊሞላው ነው።

እሁድ በማለዳ፣ ልክ 1 ሰዓት ላይ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ። ከቴርሚኒ ሜትሮ ኤ ይዘህ ኦታቪያኖ ትወርዳለህ። መግቢያው በነፃ ነው፣ ዘግይተህ ከሄድክ ግን ለፍተሻው ብቻ ፀሐይ ላይ ትቆማለህ። ትከሻና ጉልበት የሸፈነ ልብስ ግዴታ ነው፤ እናትህ ነጠላ ይልበሱ፣ ከዚያ የተሻለ ልብስ የለም። እንደገቡ በስተቀኝ የማይክል አንጀሎ ሐውልት አለ፤ እመቤታችን ከመስቀል የወረደ ልጇን ታቅፋ። በፍልሰታ ጾም እዚያ ፊት መቆም ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ቫቲካን ሙዚየምን ተወው። ሲስቲን የጸሎት ቤት እስክትደርስ የምታልፈው መተላለፊያና ሕዝብ ለእሳቸው ጉልበት አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አሳያቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን አጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለእኛ መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ እዚያ ሆነው ነው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት። ያለ ፈቃድ አይገባበትም። ግን በዚያ ዘመን አገር ተሻግረው የመጡ አባቶች እዚያ ጀርባ ማደራቸውን ሲሰሙ ቦታው እንግዳ አይሆንባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሌላውን ሁሉ ብትተው ይሄን አትተው።

እሁድ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቴርሚኒ ሜትሮ ቢ ይዘህ ሰርኮ ማሲሞ ውረድ። ሦስተኛው ጣቢያ ነው። ስትወጣ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ታያለህ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ሕንፃው ሲጀመር ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚህ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማማች። ሐውልቱ ግን አክሱም የገባው በ1997 ዓ.ም ነው፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። አሁን አደባባዩ ላይ የመስከረም 1ዱን የኒውዮርክ ጥቃት ሰለባዎች የሚያስታውሱ ሁለት ዓምዶች አሉ። የእኛ ቦታ ባዶ ነው። እኔ ያንን ባዶነት ማየት እወዳለሁ።

አሁን አበበ ቢቂላን አስብ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952። የዓመት በዓል ዋዜማ። ሩጫው ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር በቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሲመለስ መሽቷል፣ ወታደሮች ዳርና ዳር ችቦ ይዘው መንገዱን ያበራሉ። አበበ በባዶ እግሩ ነው፣ አጠገቡ ሞሮኳዊው ራዲ አለ። እዚህ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፈትለክ አለና ጥሎት ሄደ። በ25 ሰከንድ ቀደመው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ።

ከሐውልቱ ቦታ እስከ መጨረሻው መስመር ያለውን መንገድ እናንተም ትሄዱታላችሁ። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። ሰፊና ደልዳላ ነው። በግራህ ፓላቲን ኮረብታና የድሮው የውሃ መስመር ቅስቶች አሉ። ለአንተ ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ለእናትህ ሃያ ይሁን፣ የሚያቻኩላችሁ የለም። መጨረሻው ላይ መብራት የበራበት ቅስት ይጠብቃችኋል። የማን እንደሆነ ንገራቸው፤ የቆስጠንጢኖስ ነው፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ። መስቀል ሲመጣ የምናነሳው ቆስጠንጢኖስ። አበበ የጨረሰው እዚያ ሥር ነው። ኮሎሲየም ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ማታ ከውጭ ሲያዩት በቀን ከሚታየው ይበልጣል።

የምንከባከባቸው ሴትዮ ያኔ 18 ዓመታቸው ነበር። መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። ሌሎቹ ሲያልፉ የጫማ ኮቴ ይሰማ እንደነበር፣ እሱ ሲያልፍ ግን ምንም እንዳልተሰማ ይነግሩኛል። ዛሬ ብዙ ነገር ረስተዋል። ይሄን አልረሱም።

---

ቦርሳው ዝግጁ

የቴርሚኒ ጎረቤት፣ እኔ ሁለቴ በዚያ ሜትሮ ወርጄ ምንም ሳላውቅ አልፌያለሁ። አመሰግናለሁ። ኮሎሲየም የግድ መግባት አለባቸው ያልኩትን ትቼዋለሁ።

---

ቀለም ቀቢ

የሥዕል ተማሪ ነኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ቅዳሜ ከፓንተዮን አምስት ደቂቃ ስለሆነ። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በነፃ ነው። በግራ በኩል መጨረሻው ክፍል ውስጥ የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች አሉ። ሦስቱም ስለ ሐዋርያው ማቴዎስ ናቸው። በምዕራባውያን ትውፊት ማቴዎስ በሰማዕትነት ያረፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ሥዕል የሚያሳየው ያንን ነው።

ክፍሉ ጨለማ ነው። ሳንቲም ስታስገባ መብራት ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ቷ ብሎ ይጠፋል። ዝርዝር ሳንቲም ይዘህ ግባ። ሲበራ መጀመሪያ የገዳዩን እጅ ተመልከቱ፣ የሐዋርያውን አንጓ እንዴት ጨምድዶ እንደያዘ። ከዚያ ከላይ መልአኩ ዘንባባውን ሊያቀብለው ከደመናው ላይ ተንጠራርቶ ታገኙታላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ሳንቲም ጨምሬ ነው ያየሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ በምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ።

---

የእማዬ ልጅ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ትናንት ማታ ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። ቫቲካኑን ዝም ብላ ሰማች። አበበ ጋ ስደርስ ግን መነጽሯን አወለቀች።

የነገረችኝን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ያኔ 8 ዓመቷ ነው። እንቁጣጣሽ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር «አበባየሆሽ» እያለች በየቤቱ ስትዞር ትልልቆቹ በየደጁ ተሰብስበው «አበበ፣ አበበ» ይላሉ። ሬዲዮ ያለው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበር። አዋቂው ሁሉ ያን ዓመት ዘፈናቸውን አብሯቸው የሚዘፍን መስሏት ደስታዋን አልቻለችውም። ነገሩ የገባት ማታ አባቷ ሲያስረዷት ነው።

«ያቺ መንገድ አለች እንዴ?» አለችኝ። «ታዲያ እሷን ነዋ!»

ከ14ቱ አራቱን ያዝኩ፣ ቀለም ቀቢ ያልከው አምስተኛ ሆነ። የቀረኝ ጥያቄ የጾም ምግብና ውሃ ነው። እንዴት እናድርግ?

---

የቴርሚኒ ጎረቤት

እናትህን ሳምልኝ። አነበብኩትና ለሴትዮዋም ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ «ዘፈኑ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝና ዘፈንኩላቸው።

ለጾሙ ቀላል ነው። ፒዛ ማሪናራ በል። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ቡና ስትጠጡ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ርካሽ ነው፤ መቀመጥ ያስከፍላል። ለእናትህ ግን ክፈልና ይቀመጡ። ውሃ አትግዛ። በየመንገዱ ሌት ተቀን የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ ናዞኔ ይሉታል። ንጹህ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው። አፉን በጣትህ ስትደፍነው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ እናትህ ሳያጎነብሱ ይጠጣሉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እረፍት አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰርኮ ማሲሞ መውጫው ላይ እቆማለሁ፣ ከነጩ ሕንፃ ፊት። አብረን እንሄዳታለን። ነጠላውን ይልበሱ፣ በእሱ አውቃቸዋለሁ።