ፓራሊምፒክ «ማበረታቻ» ነው ወይስ ውድድር?

የመሮጫው ዳር፦
ትናንት «ጥያቄ አለኝ» በሚል ስም የሚጽፉት ወንድማችን ፓራሊምፒክ፣ ማለትም የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ መከበር እንዳለበት ከገለጹ በኋላ «ነገር ግን ማበረታቻ እንጂ ውድድር አይደለም» ብለው ደመደሙ። ምክንያታቸው አንዱ ርቀት በየምድቡ እየተከፋፈለ ብዙ ወርቅ ስለሚሰጥበት የሜዳሊያው ክብደት ይቀልላል የሚል ነው። ይህች «ማበረታቻ» የምትል ቃል ሌሊቱን ስትከነክነኝ አደረች። ማበረታቻ ለተሳተፈ ሁሉ ይሰጣል፤ በፓራሊምፒክ ግን አራተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። በሪዮ 2016፣ የማየት ችሎታቸው በከፊል በተጎዳ ሯጮች ምድብ፣ ማለትም በቲ13 የወንዶች 1500 ሜትር ፍጻሜ፣ አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3፡48.29 አሸነፈ፤ ኢትዮጵያዊው ታምሩ ደምሴም በ3፡48.49 ተከትሎት ገባ። አራተኛ የወጣው ፉአድ ባካ የገባበት 3፡49.84 እንኳ፣ በዚያው ከተማ ከሳምንታት በፊት የኦሊምፒኩ ወርቅ ከተወሰደበት 3፡50.00 የፈጠነ ነበር፤ ሰውየው ግን ነሐስም አላገኘ። ይህን ማበረታቻ ብሎ መጥራት ለእኔ ስድብ ነው።

ጥያቄ አለኝ፦
ስድብ አስቤ አልጻፍኩም። የሪዮውን ሰዓት ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል፤ የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ሯጮቹ እርስ በርስ እየተጠባበቁ በዝግታ የጀመሩት እንደነበር ግን የሚያስታውስ የለም። የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሂሻም ኤል ጌሩዥ በ1998 የሮጠው 3፡26.00 ነው፤ መለካት ካለብን በዚያ እንለካ። የእኔ ጥያቄ ግን ፍጥነት አይደለም፤ ምደባው ነው። በሲድኒ 2000 የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ተጫዋቾች የቅርጫት ኳስ ውድድር ወርቅ የወሰደው የስፔን ቡድን፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ምንም ዓይነት ውስንነት እንደሌለባቸው ተጋልጦ ሜዳሊያውን መለሰ። በዚያ ጥፋት የተነሣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች በሙሉ ከ2004 እና ከ2008 ፓራሊምፒክ ታግደው እስከ ለንደን 2012 ቆዩ። ውጤቱ ገና ሩጫው ሳይጀመር በምርመራ ክፍል ውስጥ ሊወሰን የሚችልን ነገር በሙሉ ልቤ ውድድር ልለው አልቻልኩም።

ሚዛን ላይ፦
ለብዙ ዓመታት ቦክስ አሠልጥኛለሁ። ቦክስም በክብደት ምድብ ይከፋፈላል፤ በየምድቡም ወርቅ ይሰጣል። በቀላሉ ሚዛን ያሸነፈን ልጅ ከባድ ሚዛኑን ስላልገጠመ ወርቁ ማበረታቻ ነው ያለ ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም። ማጭበርበሩም ቢሆን በእኛ ዘንድ አለ። ከሚዛን በፊት ውኃ የሚባል ሳይቀምሱ በላብ ልብስ እየሮጡ ሰውነታቸውን የሚያደርቁ ልጆች አይቻለሁ። ሰዎች ያታልላሉ ተብሎ ግን ምድቡ ከንቱ አይባልም።

ጥያቄ አለኝ፦
አሠልጣኝ፣ ሚዛን ቁጥር ያሳያል። የዓይን ብርሃንን ወይም የጡንቻን አቅም ግን ሰው ነው በግምት የሚመድበው። ልዩነቱ ይታይዎት።

መሪ ሯጭ፦
በግምት ያሉት ቃል ትክክል አይደለም፤ የምደባ ባለሙያዎቹ በተወሰነ የምርመራ ሥርዓት ይመረምራሉ፣ በውድድር ላይም ይመለከታሉ፣ የሚቃወም ካለም ተቃውሞ ያቀርባል። እኔ ግን ስለማውቀው ልናገር። ከአንድ ዓይነ ስውር ሯጭ ጋር አራት ዓመት ሮጫለሁ። እርሱ በግራ እኔ በቀኝ ሆነን፣ ሁለት ጫፏ እንደ ቀለበት የተቋጠረች አጭር ገመድ ጣቶቻችን መካከል ይዘን፣ እጆቻችን እኩል ካልተወዛወዙ ትከሻው ይጣመማል። በቲ11፣ ማለትም በዓይነ ስውራን ሯጮች ምድብ፣ ጭላንጭል የሚያይም የማያይም ሁሉም ዓይኑን ስለሚሸፍን በብርሃን በኩል ማንም ከማንም አይበልጥም። መታጠፊያው ሲደርስ «ግባ»፣ ሲያልቅ «ቀጥ» እለዋለሁ። ልጎትተው አልችልም፤ ከጎተትኩት እንሰረዛለን። በፓሪስ 2024 ያየሽ ጌጤ በዚሁ ምድብ በ1500 ሜትር በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ስትወስድ፣ እኔ ያየሁት የሁለት ሰዎችን እጅ አንድነት ነበር።

በዚያው በፓሪስ ማራቶን በሦስተኛነት ትመጣ የነበረችው ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት፣ መስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት መሪዋን ጡንቻው ይዞት ሊወድቅ ሲል ልትደግፈው ብላ ገመዱን ለቀቀች። ከተከታይዋ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድማ ነበር። በዕለቱ ተሰረዘች፤ በመድረኩ ላይ ነሐሱን ያጠለቀችው ጃፓናዊቷ ሚሳቶ ሚቺሺታ ናት። ውሳኔው አንጀቴን አሳርሮኛል፤ ዛሬም ያሳርረኛል። ነገር ግን ማበረታቻ ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ ማን ይጨክንባት ነበር?

ጥያቄ አለኝ፦
ስለ ኮንጎስት የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ሕጉ ጥብቅ መሆኑንም እቀበላለሁ። እንግዲያው ሌላ ልጠይቅ። ጀርመናዊው ማርኩስ ሬም በሰው ሠራሽ እግር ተነሥቶ በ2023 በርዝመት ዝላይ 8.72 ሜትር ዘልሏል፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኘው ዝላይ 8.48 ነው። ይህ ሰው ለምን ከሌሎቹ ጋር በአንድ አሸዋ ላይ አይዘልም? እግሩ ይሁን መሣሪያው የዘለለው መለየት ስላልተቻለ አይደለምን?

የመሮጫው ዳር፦
ወንድሜ፣ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ውጤታቸው ሲያንስ ማበረታቻ ይሆናል፤ ውጤታቸው ሲበልጥ ደግሞ መሣሪያው ይሆናል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ሜትር ስፖርተኛ ይባሉ? ሬም መሣሪያው እንደማይጠቅመው ራሱ እንዲያስረዳ ነው የተጠየቀው። በ2020 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በአሜሪካዊው ሯጭ በብሌክ ሊፐር ጉዳይ፣ ይህን የማስረዳት ሸክም በስፖርተኛው ላይ መጫን አግባብ እንዳልሆነ ወስኗል፤ ምንም እንኳ ሊፐር ራሱ ሰው ሠራሽ እግሮቹ ከሚገባው በላይ ረጅም ናቸው ተብሎ ቢከለከልም።

አንድ ነገር ልጨምር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን 1960 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተከፈተ። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1970 የአካል ጉዳተኞች ስፖርት መነሻ በሆነው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወርውሯል። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ወደዚያ የሄደው ሊበረታታ ነው ብዬ ላምን አልችልም። መወዳደርን መተው ያቃተው ሰው ነበር።

ባለሦስት ጎማ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ በተሽከርካሪ ወንበር የምወዳደር ነኝ። ከ«ማበረታቻ» ይልቅ ያመመኝ «መከበር አለበት» የሚለው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን «ነገር ግን» ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁና። ባለፈው ውድድሬ ስድስተኛ ወጣሁ። ከሜዳው ስወጣ ሰዎች ተነሥተው አጨበጨቡልኝ፤ አንዲት እናት ዕንባ እያነቃቸው ግንባሬን ሳሙኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ፍቅራቸውን አልጠላም። እኔ ግን ያን ዕለት የፈለግሁት የመጨረሻውን መታጠፊያ ለምን እንደዚያ አስፍቼ እንደያዝኩት በቁጣ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ጥያቄ አለኝ፦
የምደባውን ጉዳይ አልለቅም፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። አሁን ግን ልጠይቅዎ፤ መታጠፊያውን ለምን አስፍተው ያዙት?

ባለሦስት ጎማ፦
ወደ መታጠፊያው ስንገባ የፊት ጎማውን ወደ ግራ የምትመልሰዋን ማንሻ በእጃችን መትተን ነው የምናዞረው። እኔ ከጎኔ ያለውን ወንበር ስመለከት ዘግይቼ መታኋት። ወደ ሁለተኛው መም ወጣሁ፤ ሁለቱ በውስጥ በኩል አለፉኝ።