ሐሙስ ማታ ወደ ጓንጁ በረራ አለኝ፤ ቪዛዬ ግን «ኤም» ይላል! ድረሱልኝ

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። ቻይና፣ ጓንጁ ውስጥ መዋለ ሕጻናት እንግሊዝኛ ላስተምር ተቀጥሬያለሁ። ዛሬ ደላላው የቪዛዬን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ኤም» ይላል። ይሄ የነጋዴ ነው አሉኝ። ስጠይቀው «አንቺ ብቻ ግቢ፣ እዚያ ይቀየራል» አለኝ። የቀረውን 60 ሺህ ብር ነገ ጠዋት ክፈይ ብሎኛል። ልክፈል? ልሂድ? ቶሎ መልሱልኝ!

ቀበና፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ጓንጁ ሙቀት ነው፣ ወፍራም ልብስ አትሸከሚ።

የካዛንቺስ ሰው፦
አትክፈይ። የሥራ ቪዛ «ዜድ» ነው። መጀመሪያ ቀጣሪው እዚያ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያወጣልሻል። በዚያ ደብዳቤ እዚሁ ኤምባሲው ዜድ ይሰጥሻል። ከገባሽ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክቻለሽ። ደብዳቤው አለሽ?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። የእኛ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ደርሰው አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ያቅታቸዋል። አስተማሪው ሁሉ ሻንጣ ካነሳ ማን ያስተምራቸው? ደመወዙ እንደማያኖር አውቃለሁ፣ በዚያ አልፈርድብሽም። ግን የሰው አገር በሐሰት ወረቀት አይገባም።

ስድስት ኪሎ፦
ቪዛው ሁለተኛ ነገር ነው። ቻይና የውጭ ቋንቋ አስተማሪ በመደበኛው አፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር ነው የምትፈልገው። እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚባሉት አገሮች ፓስፖርት፣ ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ደላላው ዜድ ያላወጣልሽ ስለማይወጣለት ነው።

የፒያሳዋ፦
ዲግሪዬ እኮ እንግሊዝኛ ነው! አራት ዓመትም አስተምሬያለሁ። ይሄን መጻፍ ረስቼ ነው።

ስድስት ኪሎ፦
ጎበዝ አስተማሪ እንደሆንሽ አልጠራጠርም። እነሱ ግን ፓስፖርቱን ነው የሚያዩት።

ቦሌ መንገድ፦
አታስፈራሯት። የአክስቴ ልጅ በኤም ገብቶ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

የካዛንቺስ ሰው፦
ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ዕድለኛ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራ ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዩዋን ይቀጣል። ነገሩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ተገድዳ ወደ አገሯ ከተመለሰች ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ተመልሳ አትገባም። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመውጫና መግቢያ ሕጋቸው ነው። ደመወዝ ቢከለክሏትስ ለማን ትከሳለች?

ቀበና፦
እሺ፣ እዚሁ ቁጭ ብላ ለቻይና ልጆች በኦንላይን ብታስተምርስ?

ስድስት ኪሎ፦
ያም ተዘግቷል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2013 ላይ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲቆጣጠሩ ውጭ አገር ሆኖ የሚያስተምር የውጭ ዜጋ መቅጠርን ከለከሉ።

ሽሮ ሜዳ፦
አማርኛ አስተምሪያ! አፍ መፍቻሽ ነው 😀

ስድስት ኪሎ፦
ሳቅ አይደለም፣ የቤጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ያስተምራል። ቦታው ጥቂት ነው፣ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም። ሒሳብ ወይም ፊዚክስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት መሞከር ይችላል፣ በራሱ ትምህርት ዲግሪና ልምድ ካለው። ሌላ አገርም ብትሞክሪ ዲግሪሽን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ አስረጋግጠሽ አስቀምጪ።

ቀጨኔ፦
ቆይ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር አልፋችኋል። ፎቶ ላከልኝ ነው ያለችው። እህቴ፣ ፓስፖርትሽ የት ነው?

የፒያሳዋ፦
እሱ ጋ ነው። ስከፍል ነው የሚሰጠኝ።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ እንዳትከፍይ! ፓስፖርትሽን መያዣ ማድረግ አይችልም። መልእክቶቹን አንዱንም አታጥፊ፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ያዢና መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ። ቅድም የቆጣሁሽን እርሺው።

የካዛንቺስ ሰው፦
ዜድ ካልሆነ አትሂጂ። ደግሜ ልበለው።

ቀጨኔ፦
ብቻሽን ደግሞ እንዳታገኚው። እኔ ቸርችል ጎዳና ነው የምሠራው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አስፈቅጄ ጣቢያ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሽሮ ሜዳ፦
ቀጨኔ፣ ጻፈችልሽ?

ቀጨኔ፦
እስካሁን አልጻፈችም። ስልኬን ክፍት አድርጌ ነው የማድረው።