የሴት ተማሪዎች ሰነድ ስብስብ፦ ረቂቅ ዕቅድ 2

ጸሐፊ፦
ረቂቁን አሳጥሬዋለሁ። ርዕሱ «የ1960ዎቹ ሴት ተማሪዎች ሰነድና ቃለ ታሪክ» ነው። በየቤቱ የተቀመጠውን ፎቶ፣ ደብዳቤና በራሪ ወረቀት ስካን እናደርጋለን። በሕይወት ያሉትን ድምፃቸውን እንቀዳለን። ዋናውን ወረቀት ለ6 ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) በውል እናስረክባለን። ማመልከቻው ለጋሹ ዘንድ መድረስ ያለበት በወሩ መጨረሻ ነው። የሚታረም ካለ እስከ ሐሙስ።

ገንዘብ ያዥ፦
ባንክ ያለን 86 ሺህ ብር ነው። ለጋሹ ግማሹን ራሳችሁ ቻሉ ብሏል። መቅረጫ፣ ሃርድ ዲስክ፣ አሲድ የሌለው ሳጥን፣ የቀጂ አበል ሲደመር አይበቃም። መዋጮ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የ54ቷ፦
«የ1960ዎቹ» የሚለውን ማን ነው ያስገባው? እኔ የገባሁት በ54 ነው፤ የአዲስ አበባው ኮሌጅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሆነበት ዓመት። «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት የካቲት 57 ነው። ይሄ ሁሉ ሊቀር ነው? እኔ ከታሪኩ ከወጣሁ መዋጮዬም አብሮኝ ይወጣል።

የ63ቷ፦
እትዬ፣ ማንም አላወጣዎትም። ነገሩ የጋለው በ60ዎቹ ስለሆነ ነው። የፋሽን ትርኢቱ ረብሻ መጋቢት 60። የተማሪ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው የተገደለው ታኅሣሥ 62። እነማርታ መብራህቱ የሞቱት ኅዳር 65።

ኢንጂነሩ፦
ለጋሹ ፈረንጅ መሆኑን ረስታችኋል። እሱ 1960ዎቹ ሲባል የሚገባው በእኛ ከ52 እስከ 62 ያለው ነው። ማርታ ወጣች ማለት ነው። በአውሮፕላኑ ጠለፋ የሞተችውን የሕክምና ተማሪ ያልያዘ የሴት ተማሪዎች ስብስብ ምን ሊባል ነው? ጠለፋው በፈረንጅ ዲሴምበር 73 ነው። ስለዚህ «1960–1974» ብላችሁ ጻፉና ገላግሉን።

የዘመቻዋ፦
74 ላይ ካቆማችሁ እኛስ? ተማሪው ገጠር በተላከበት ዘመቻ፣ እድገት በኅብረት፣ የወጣነው ታኅሣሥ 67 ነው። የእናንተ 74 ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው! ገበሬ ማኅበር ስናደራጅ፣ ሴቶቹን ከጓዳ ስንጠራ የነበርነው እኛ ነን። መፈክር ማሰማት ብቻ ነው እንዴ ትግል?

የ63ቷ፦
ኢንጂነር፣ ከእኛ ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ኅዳር ላይ የሚደመረው ሰባት ነው። ስምንት የሚሆነው ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ ነው። ጠለፋው 72 እንጂ 73 አይደለም። ካታሎጉ ብቻ አንተ እጅ እንዳይገባ።

ኢንጂነሩ፦
ስካነሩን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ የምልከው እኔ ነኝ። ይሄን የምታውቂ አልመሰለኝም።

የ54ቷ፦
በስካነር አታስፈራራን። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ልጆች፣ የኢትዮጵያ ወረቀት። በምን ዕዳችን ነው በፈረንጅ ዘመን የምንጽፈው?

ላይብረሪያኗ፦
ይሄ በሙያው የተፈታ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ ይገለበጣል፣ አቻው ከጎኑ ይጻፋል። የተማሪ ማኅበሩ ጋዜጣ «ስትራግል» በእንግሊዝኛ ይወጣ ስለነበር ቀኑ በፈረንጅ ነው። የአማርኛው በራሪ ወረቀት በእኛ ነው። ሁለቱም ይቀመጣሉ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለፈው የተሰጠኝን ፖስታ ከፈትኩት። በስቴንስል የተባዛ ሁለት ገጽ አለ። የተያያዘበት ስፒል ዝጎ ጥጉን በልቶታል፤ ስነካው ፍርፍር ይላል። ከሥሩ አምስት ሴቶች የተነሡት ፎቶ አለ። የሁለቱ ፊት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከአንገት በታች ብቻ ቀርተዋል። በቀይ ሽብር ጊዜ አሰሳ መጣ ሲባል ስንቱ ወረቀቱን እንዳቃጠለ፣ ስንቱ ጓሮ እንደቀበረ ለእናንተ አልነግርም። የቀሩት ሦስቱስ ፎቷችን ይውጣ ብለዋል? ስማቸውስ ይጻፍ? ረቂቁ ላይ የፈቃድ ቅጽ የሚባል ነገር የለም። ድምፅ ስንቀዳም ያው ነው። አንዷ «እስክሞት እንዳይሰማ» ብትል የት ነው የምንጽፈው?

የ54ቷ፦
እሱ ይደረስበታል። መጀመሪያ ርዕሱ ይስተካከል።

የዘመቻዋ፦
«ከ1943 እስከ 1983» ይባል። ኮሌጁ ከተከፈተበት ደርግ እስከወደቀበት። ማንም አይቀርም።

ጸሐፊ፦
አርባ ዓመት ለመሰብሰብ አርባ ሰው ያስፈልጋል። ድምፅ እቀዳለሁ ያለው ልጅ እንኳ ስልክ ማንሣት ካቆመ ሰነበተ። ቃለ መጠይቅ እጽፋለሁ ያሉት ሁለቱም ድምፃቸው ጠፍቷል።

የ63ቷ፦
እኔ ዓመቱ ላይ አልጨቃጨቅም። የፋሽን ትርኢቱ ግን በደንብ ይቀዳ። የቅኝ ግዛት ባህል ነው ተብሎ ተቃውሞ ተወጣ፣ እሺ። ያን ቀን የተሰደቡትና የተንገላቱት ግን የገዛ እህቶቻችን ናቸው። ሰዳቢዎቹም ጓዶቻችን ነበሩ። እስከ ዛሬ የሚወራው ዩኒቨርሲቲው መዘጋቱና መሪዎቹ መታሰራቸው ነው። ትርኢት ላይ የወጡትን ልጆች ማን ጠየቃቸው?

ኢንጂነሩ፦
ያረጀ ቂም አትቆስቁሱ። ለጋሹ ይሄን ሰምቶ ምን ይላል?

የ63ቷ፦
ለጋሹ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። የማይፈልገው አንተ ነህ። የት ቆመህ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

ኢንጂነሩ፦
ጨርሻለሁ። ስካነሩን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ደህና ሁኑ።

ጸሐፊ፦
እባካችሁ! በግል ደውሉለት አንዳችሁ።

የ54ቷ፦
እኔ ደውዬለታለሁ። ተቆጥቶ ነው፣ ይመለሳል። ልጅነቱንም አውቀዋለሁ፤ ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይበርዳል። የ63ቷ፣ አንቺም ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ።

የ63ቷ፦
እሺ እትዬ። ለእርስዎ ስል። ግን ዋናውን አልበሜን ለማንም አላስረክብም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቢሮ ኤግዚቢሽን ብለን ያዋስነው ፎቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ኮፒ ውሰዱ፣ ዋናው ከቤቴ አይወጣም።

የዘመቻዋ፦
እኔም እንደሷ ነኝ።

ላይብረሪያኗ፦
የማስረከቢያ ውል የሚጻፈው ለዚሁ ነው። ባለቤቷ ማን እንደሆነች፣ ማን እንዲያየው፣ መቼ እንዲከፈት ይሰፍርበታል። ቆጥረን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ ተፈራርመን ነው የምንሰጠው። ናሙናውን ልላክ?

ገንዘብ ያዥ፦
ይላካል። ግን ተቀዳሚው ገንዘብ ነው። ስካነር የለም፣ ቀጂ የለም፣ ዋናውን የሚሰጥ የለም። ለምን ዓመቱን ከርዕሱ አውጥተን «የእህቶቻችን ትዝታ» አንለውም? በኮፒ ፎቶ ትንሽ ኤግዚቢሽን እናድርግ። መግቢያ ይከፈላል። ገቢው ለስካነሩ ይሆናል።

የ54ቷ፦
ይሄ ተስማምቶኛል። ስንዱ ገብሩም ከመግቢያው ላይ ይቀመጡ። ከሁላችንም በፊት ፓርላማ የገቡ ሴት ናቸው።

የዘመቻዋ፦
ተማሪያችን አልነበሩም እኮ።

የ54ቷ፦
ሴት ነበሩ። በቃ።

የ63ቷ፦
ሰው ከተጠራ ምሳ ይኑር። ስንት ዓመት ያልተያየን አለን።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተያዘው፦ ግንቦት ላይ ኤግዚቢሽንና ምሳ። ቅዳውና ርክክቡ ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፏል። ለለጋሹ በዚሁ መልክ እጽፋለሁ። ይቀበለው እንደሆነ እንጃ።

ላይብረሪያኗ፦
ሁለተኛው ዙር መቼ ነው? ትልቋ እናታችን ከጥር ወዲህ ሰው መለየት እየከበዳቸው ነው። ቅዳሜ መቅረጫ ይዤ ልሄድ ነው፣ በስልክም ቢሆን። የሚሸኘኝ አለ?

ኢንጂነሩ፦
ተመልሻለሁ። ምሳው ካለ ቲሸርቱን እኔ አሳትማለሁ። ከፊት ፎቶ፣ ከኋላ ዓመተ ምሕረት።

የ54ቷ፦
በኛ ነው በፈረንጅ?

ገንዘብ ያዥ፦
የአዳራሹን ቀብድ ዛሬ ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ምሳ ለመመገብ ስም የምታስመዘግቡ እስከ ዐርብ። ቲሸርቱ ላይ የሚጻፈውን ዓመት እናንተ ስትስማሙ ንገሩኝ።