ጥቆማ፦ በአእምሮ ጤና ቀውስ ሰዓት መጀመሪያ ወዴት?

ጥያቄ፦ ሰው «መኖር በቃኝ» ሲል፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ብሎ ሲረበሽ የትኛው ይቀድማል? የስልክ እርዳታ መስመር፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይስ የሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ቀጠሮ?

— መድኃኒት ወይም መርዝ ከወሰደ፣ ራሱን ካቆሰለ፣ ወይም አስቦበት ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ካዘጋጀ፣ ድንገተኛ ክፍል ብቻ። «አሁን ደህና ነኝ» ማለቱ አያዘናጋችሁ። ከልክ በላይ ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን በተሻለ የሚሠራው መድኃኒቱ በተወሰደ በ8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ማሸጊያውን ወይም ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተወሰደበትን ሰዓትም ንገሯቸው።

— የስልክ መስመር የሚጠቅመው ሐሳቡ ለመጣበት፣ ግን ገና ምንም ላላደረገ ሰው ነው፤ አጠገቡ ሆኖ ለጨነቀው ቤተሰብም ያገለግላል። ስልኩ ቢቋረጥ እንዲያገኟችሁ ያላችሁበትን ቦታ ከሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጉድለቱ፣ ሌሊት የማይሠራ አለ፤ መስመሩም ይያዛል። ቁጥሩን በደህናው ጊዜ ሞክሩት። ተቀባዩ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ ቢጠይቅ አትደንግጡ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እናንተም ጠይቁ።

— አንድ ነገር ተዘለለ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት መዘባረቅ የጀመረ፣ ቀንና ቦታ የጠፋበት፣ ትኩሳት ያለው ሰው የአእምሮ ሕመምተኛ ላይሆን ይችላል። ኢንፌክሽን፣ የስኳር ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ መጠጥ ድንገት ማቆም እንዲህ ያደርጋሉ። ለዚህ ላቦራቶሪ ያለው ጠቅላላ ሆስፒታል ከአእምሮ ክሊኒክ ይሻላል። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጀምሮ አንገቱ የተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ የተሰቀለም እንዲሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ በመርፌ ቶሎ ይለቀዋል።

ጥያቄ፦ አልሄድም ቢልስ?

— የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ ሌላው ዞር ይበል። «ታመሃል» ብሎ መከራከር ያባብሳል። ይልቅ «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ለእሱ እንኳ እርዳታ እናግኝ፤ ማን ይሂድ ካንተ ጋር?» በሉት። አስራችሁ አትያዙት። ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ከሆነ አምቡላንስ እንዲመጣ ደውሉ፤ ስለት ይዞ እንደሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እስኪመጡ ብቻውን አይሁን፤ መድኃኒቱንና ፀረ ተባዩን ደግሞ መደበቅ አይበቃም፣ ከቤት አውጡት።

— ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ አታለሳልሱት። ብዙ ቤተሰብ አፍሮ «ትንሽ ከፍቶት ነው» ይላል፣ ተረኛውም ከወረፋው መጨረሻ ያስቀምጠዋል። «ራሴን አጠፋለሁ ብሏል፣ እንዴት እንደሚያደርገውም ነግሮናል፣ ሦስት ሌሊት አልተኛም» በሉ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

— የሳይካትሪስት ቀጠሮና የኢንተርኔት ምክር ለቀጣዩ ሕክምና ጥሩ ናቸው፣ ለዛሬ ሌሊት ግን አይደርሱም። የድብርት መድኃኒት እንኳ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ አደጋው ከፍ የሚልባቸው ናቸው፤ ስለዚህ በ7 ቀን ውስጥ የሚታይበት ቀጠሮ በወረቀት ሳትይዙ ከበሩ አትውጡ።