የድሮ ቮልስ ካርቡሬተር ሌሊት ቤንዚን እየሞላ ያድራል፤ ምን ላድርግ?

የአባቷ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ 1300 ቮልስ አለኝ፤ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) ሶሌክስ የሚባለው ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆሞ ነበር፣ ከፋሲካ በኋላ ነው ያስነሳሁት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልፍ ስሰጠው ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። የኋላውን ክዳን ስከፍት የቤንዚን ሽታ ፊቴን ይመታኛል፤ የካርቡሬተሩ አንገት እርጥብ ነው። ካንዴላዎቹን (እሳት የሚረጩትን) ባወጣቸው አራቱም ጥቁርና እርጥብ ናቸው። አድርቄ ስመልሳቸው በጥቁር ጭስ ይነሳና ቀኑን ሙሉ ደህና ይሄዳል።

የገረመኝ ነገር፣ ቅዳሜና እሁድ እናቴ ግቢ ሜዳ ላይ ሲያድር ይህ ሁሉ የለም። የሚብሰው እኔ ቤት፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ካለው ዳገት ላይ ፊቱን ወደ ፒያሳ አዙሬ ሳሳድረው ነው። አንድ ጋራዥ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋውን መርፌ በአዲስ ቀይረውልኝ ነበር፤ 3 ቀን አልቆየም። አሁን ሙሉ ካርቡሬተር ግዢ እያሉኝ ነው። ልግዛ?

ላዳ ነጂ

እህቴ፣ የአዲስ አበባን ከፍታ አትርሺ። ከተማችን ከባህር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። እነዚህ መኪኖች ደግሞ የተሠሩት ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛባቸዋል። የእኔ ላዳ ካንዴላው ሁሌ ጥላሸት ነበር። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ዋናዋን ቀዳዳ ብሎን በአንድ ቁጥር ዝቅ ባለች ሳስቀይር ጭሱም ጠፋ፣ ፍጆታውም ቀነሰ። አንቺም ከዚያ ጀምሪ።

የሰንጋ ተራ መካኒክ

ልጄ፣ ካርቡሬተር አትግዢ። ላዳ ነጂው ስለ ከፍታው ያለው እውነት ነው፤ ግን እሷ ብሎን ሥራ የምትሠራው ሞተሩ እየዞረ አየር ሲስብ ነው። ያንቺ መኪና ተኝቶ ሳለ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ለጊዜው አትንኪያት።

ዋናው ፍንጭ ዳገቱ ነው። የቮልስ ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። ፊቱን ወደ ላይ አዙረሽ ስታቆሚው ሳልባትዮው ከካርቡሬተሩ በላይ ይሆናል። በድሮው የቤንዚን ፓምፕ ውስጥ ያሉት ቫልቮች የሚከለክሉት ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው፤ ወደ ካርቡሬተሩ ሲወርድ አያስቆሙትም። ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ክብደት እየወረደ መርፌዋን ይገፋታል። መርፌዋ ጥርቅም አድርጋ ካልዘጋች ጠብ ጠብ እያለ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ገንዳ ሞልቶ ይፈስና ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ሜዳ ላይ ይህ ግፊት ያን ያህል የለም፤ ለዚህ ነው እናትሽ ግቢ ደህና የሚያድረው።

አሁን ከሁሉ የሚቀድመውን ልንገርሽ። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ አሽትቺው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሳትቀይሪው ሞተሩን አታስነሺ። በፒስተኑ ጎን የወረደው ቤንዚን ዘይቱን እንደ ውሃ ያቀጥነዋል፣ ከዚያ ኩሽኔታ (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን) መብላት ነው። የቮልስ ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ብዙ ያበላሻል። ይሄን ነገር ችላ ያሉ ሰዎች ደህና ሞተር ይዘው መጥተው ሙሉ እድሳት ሲከፍሉ አይቻለሁ፣ ያንገበግበኛል።

ከዚያ የካርቡሬተሩን ክዳን የያዙትን 5 ብሎኖች ፍቺ። መርፌዋ ክዳኑ ላይ ትቀራለች፣ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መርፌዋን የምትዘጋት ተንሳፋፊዋ ከታች ገንዳው ውስጥ ናት። ቤንዚን በሚገባበት አፍ ላይ ንጹህ የጎማ ቱቦ ሰክተሽ እየነፋሽ መርፌዋን በጣትሽ ጫፍ ወደ ላይ ገፋ አድርጊያት። ትንፋሽ ማለፍ የለበትም። ካለፈ እሷው ናት። ተንሳፋፊዋን ደግሞ ጆሮሽ ላይ አስጠግተሽ ነቅንቂያት፤ ውስጧ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስታለች ማለት ነው። ካልሰማሽ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አጥልቂያት፣ ከተበሳች አረፋ ታወጣለች።

ሌላው ሮንዴላዋ ናት። መርፌዋ በምትታሰርበት ቦታ ሥር ቀጭን ሮንዴላ (መሃሏ ክፍት የሆነች ቀለበት) አለች፣ 0.5፣ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር። ወፍራም ስትሆን መርፌዋ ዝቅ ስለምትል ቶሎ ትዘጋለች፣ የቤንዚኑም ከፍታ ይቀንሳል። አዲስ መርፌ የሚገጥም ሰው ሮንዴላዋን ከረሳት ገንዳው ከልክ በላይ ይሞላል። የቀየሩልሽ ሰዎች ይህንን አይተው እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ሁለት ቮልስ ያለው

ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ልጨምር። ጋራዥ ውስጥ ፓምፑ ወልቆ ከነበረ፣ የሚገፋውን ዘንግ ለኪ። ዲናሞ ላለው ሞተር 108 ሚሊ ሜትር፣ አልተርኔተር ላለው ደግሞ 100 ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ፓምፑ ከልክ በላይ ይገፋል፣ ምን ዓይነት ጥሩ መርፌ ቢሆን አይችለውም። ያኔ ግን በጉዞ ላይም ያጥለቀልቃል፤ ያንቺ ቀን ደህና ስለሆነ ብዙም አልጠረጥረውም።

ሁለት ዓመት ተኩል የቆመ ሳልባትዮ ዝገት አያጣም። መርፌዋን 3 ቀን ሳትሞላ የሚያበላሻት እሱ ይመስለኛል። ፊልትሮ አስገቢ፣ ግን ሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከፊት ሳልባትዮው ሥር። ሞተሩ አካባቢ ሙቀት አለ፣ መጋጠሚያ ሲበዛ ደግሞ ማፍሰሻ ይበዛል።

ስታዲየም ሰፈር

እባክሽ እሳቱን ነገር ቀላል አታድርጊው። የእኔ ቮልስ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው የነሐስ አፍ ላልታ መንገድ ላይ ወለቀች፤ ቤንዚኑ ዲስትሪቢውተሩ ላይ ፈሰሰ፣ ተያያዘ። ከእነ ልጄ ወርደን ነው የዳንነው። ስትፈቺ ያችን አፍ በእጅሽ ነቅንቂያት፣ የምትንቀሳቀስ ከሆነ እንዳትነጂው። ቤንዚን እየሸተተሽም ቁልፍ አትስጪ፤ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተሽ ይናፈስ።

የአባቷ ልጅ

ዘይቱን አየሁት፤ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል፣ ሽታው ቤንዚን። ደነገጥኩ። አሁን ቆሟል፣ አልነካሁትም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በቤንዚን ከታፈነ በኋላ ሳስነሳው የቤንዚኑን ፔዳል ደጋግሜ እረግጥ ነበር፣ ልክ ነው?

የሰንጋ ተራ መካኒክ

አይደለም ልጄ። በረገጥሽው ቁጥር ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ፓምፕ ቤንዚን ትጨምርበታለች። እስከ ታች ረግጠሽ ሳትለቂ ያዢ፣ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አዙሪው፣ ሞተሪኖውን አሳርፊ። ያ ግን ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ነው።

የአባቷ ልጅ

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። አጎቴ ቤት ሆነን ፈታነው። ሮንዴላ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። መርፌዋ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቡናማ ዝገት ተጣብቃለች፣ የገንዳው ወለልም በዝገት ጭቃ ተሸፍኗል። በጎማ ስነፋ ትንፋሼ እንዳሻው ያልፍ ነበር። የነሐሷ አፍ ግን ጠንካራ ናት።

ከሱማሌ ተራ መርፌና 1.5 ሮንዴላ ገዛሁ፤ ሳልባትዮውን አውርደን አጠብን፣ ፊልትሮውን ከፊት አስገባን፣ ዘይት ቀየርን። ላለፉት 4 ሌሊቶች ሆን ብዬ ዳገቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ ፒያሳ አዙሬ፣ ካርቡሬተሩ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፌ አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋትም ጨርቁ ነጭ ነው፣ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሳ።